የፍልሰታ ኪኒን

ዶክተር ብሩክ መሞቱን የነገረችኝ ገነት ናት። ገነት ድሮ በእኔ ሥር ተለማማጅ የነበረች፣ ዛሬ የዋርድ ኃላፊ የሆነች ነርስ ናት። ስልኩን ሳነሳ ታለቅሳለች። «ሲስተር፣ ዶክተራችንን አጣናቸው» አለችኝ። ባሕር ዳር ሲያስተምር ውሎ ቤቱ እንደገባ ልቡ ቀጥ አለ አሉ። «ነፍስ ይማር» አልኳትና ምስር መልቀሜን ቀጠልኩ። ስልኩን ግን አልዘጋሁባትም፤ ለቅሶዋን እስክትጨርስ በትከሻዬ ደግፌ ይዤው ነበር።

በሣልስቱ እንደገና ደወለች። ለመታሰቢያው ትንሽ መጽሔት ሊታተም ስለሆነ አብረውት የሠሩ ሁሉ አንድ አንድ ነገር እየጻፉ ነው። «እርስዎም ይጻፉ እንጂ ሲስተር። ከእርስዎ የበለጠ ማን ያውቃቸዋል?» አለችኝ። ይህ እውነት ነው። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩ። ካላተማችሁት አልቀየማችሁም፤ የምቀየምበት ሌላ ብዙ አለኝ።

«እሳቸው» እያልኩ አልጽፍም። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ በሕይወቱም እሱ «እርስዎ» ሲለኝ እኔ «አንተ» ነበር የምለው። አሁን ሞተ ብዬ አልለውጠውም።

ደብረ ታቦር ሆስፒታላችን የመጣው በክረምት ነበር። ከደቡብ የመጣ ሰው የእኛን ብርድ አያውቀውም። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ፣ ነጭ ጋውኑ አልቆለፍ ብሎት፣ የጋውኑ ኪስ በገብስ ቆሎ ተነፍቶ ይገባል። አገርህ የት ነው ሲሉት «እናቴ ቤት» ይላል። ሴት ከመመርመሩ በፊት እጁን በሻይ ብርጭቆ ላይ ያሞቃል። ይህን ይህን ሌሎቹ ይጽፉታል፤ እኔም አልክደውም።

ያመጣው ጥናት ስሙ ረጅም ነው። በአጭሩ፣ ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ከሞት የተረፈች፣ ከዚያ ወዲህ ግን ገላዋ የከዳት ሴት ምን ሆና ነው የሚል ነው። እንዲህ ያሉ ሴቶች በእኛ አገር ሞልተዋል። ጡታቸው ወተት አይዝም፤ የወር አበባ ከማየት ይቀራሉ፤ የብብት ጠጉራቸው ሳይቀር ይረግፋል፤ በጠራራ ፀሐይ ይበርዳቸዋል፤ ባል ሲቀርባቸው የሚሰማቸው ነገር የለም። ሰነፍ ናት ይባላሉ፣ ዛር አለባት ይባላሉ፣ በመጨረሻም ወደ ወላጆቻቸው ይመለሳሉ።

እህቴ ጥሩወርቅ ከእነዚህ አንዷ ነበረች። ታናሼ ናት። ጉና ተራራ ሥር ለሚኖር ሞላ ለሚባል ገበሬ ተድራ ቤቷ ውስጥ ወለደች፤ ልጁ አልቆየም፤ እሷ ደሟ ፈሶ እንደ አመድ ነጥታ ተረፈች። ሞላ ጥቂት ዓመት ታገሠ፣ መታገሥ ካላችሁት። ከዚያ በበቅሎ ጭኖ አምጥቶ ደጄ ላይ አወረዳት።

«እህትሽን ተረከቢኝ» አለ። «እኔ ሚስት ብዬ ነው የወሰድኩ፤ የሰጣችሁኝ ግን ድንጋይ ነው። ድንጋይ እንኳ ፀሐይ ሲመታው ይሞቃል።»

ይህን የተናገረው እሷ ፊት ነው። ሞላ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ልጆቹ ፊደል ቆጥረዋል፤ ያንብቡለት።

ጥሩ እኔ ዘንድ ተቀመጠች። ደም ማነስ ነው ብለን የብረት ኪኒን ሰጠናት፤ ቀጥሎ ጨጓራ ተባለ፤ ቀጥሎ ነርቭ። ቀኑን ሙሉ ደጄ ላይ ፀሐይ እየተከተለች፣ በሁለት ጋቢ ተጠቅልላ ትውላለች። የሚያልፍ ጎረቤት «ዛሬም አልተነሣችም?» ይላል፣ እሷ እንደማትሰማ ሁሉ።

አንድ ቀን ምሳ ዕቃዬን ረስቼ ስለሄድኩ ይዛልኝ መጣች። ዶክተር ብሩክ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ቆሎውን ይቆረጥማል። ስታልፍ ፊቷን አየና መቆርጠሙን ተወ። በኋላ እንደነገረኝ ያየው ቅንድቧን ነው፤ ጫፍ ጫፉ ረግፎ ነበር።

«ወልደሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«አዎን። አልቆየልኝም።»

«ያን ጊዜ ብዙ ደም ፈሶሽ ነበር?»

«መደቡን አልፎ መሬት ጠጥቶታል ብለውኛል።»

«ጡትሽስ? ወተት ይዞ ነበር?»

ጥሩ ምሳ ዕቃውን እንዳቀፈች አየችው። «ማን ነገረዎት?» አለችው።

«ማንም አልነገረኝም። በሽታ ነው። ስንፍና አይደለም፣ ስም ያለው በሽታ ነው።»

እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። እሱም ሱሪው እንደሚቆሽሽ ሳያስብ አጠገቧ ተቀመጠና ከአንጎል ሥር ሽምብራ የምታህል ዕጢ እንዳለች ነገራት። ለጡት ወተት፣ ለአበባ፣ ለገላ ሙቀት፣ ለባል ፍላጎት፣ ለጉልበት ሁሉ ትእዛዝ የምትሰጠው እሷ ናት። ደም ሲያልቅ ትደርቃለች። ያ ሁሉ ትእዛዝ ደግሞ ሆርሞን ነው፤ በኪኒን መተካት ይቻላል። ጥሩ ሁሉንም ሰምታ ያለችው «ሞላ ይህን ቢሰማ» ብቻ ነው።

እኔን የጥናቱ ጠያቂ አደረገኝ። ከሐሙሲት፣ ከአንበሳሜ፣ ከጉና ሥር እየተፈለጉ የመጡ ሴቶችን አንድ በአንድ አስቀምጠን እንጠይቃለን። ተተርጉሞ የመጣው መጠይቅ «በወሲብ ሕይወትዎ ምን ያህል ይረካሉ?» ይላል። ይህን ያነበብኩላት የመጀመሪያዋ ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች፤ ካርዷን እንኳ አልወሰደችም። ከዚያ በኋላ ዶክተር ብሩክ ወደ ባሕር ዛፉ በሚያሳየው መስኮት ወንበሩን አዞረና ጀርባውን ለሴቶቹ ሰጥቶ መጠየቅ ጀመረ። «ባለቤትዎ ከውጭ ሲገባ ደስ ይልዎታል ወይስ ዛሬ ባደረበት በቀረ ይላሉ?» ይላል፣ ለዛፎቹ የሚናገር ይመስል።

አንበሳሜ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ይታይሽ የምትባል ሴት ነበረች። ጥያቄውን ሰምታ ጀርባውን አየችና፣

«ልጄ፣ አንተ አግብተሃል?» አለችው።

«አላገባሁም፣ እናቴ።»

«ታዲያ ብነግርህስ በምን ይገባሃል!»

በሳቅ ከነወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። እሷም ሳቁን ስታይ ደፈረችና «ባሌን የማየው እንደ ግብር ሰብሳቢ ነው» አለች። «መጣብኝ፣ ሰጥቼ ልገላገል ነው የምል። እሱስ ምን አጠፋ? ድሮ እንዲህ አልነበርኩም።» እሱ አልዞረም፤ እንባዋን ጠርጋ እስክትጨርስ ዛፉን አየ። ስትወጣ «ሲስተር፣ እነዚህ ሴቶች መች ደበቁ? ማን ጠየቃቸው?» አለኝ። ይህን አባባሉን ይወደው ነበር፤ ስብሰባ ላይ ሁሉ ይላታል። «ማን ጠየቃቸው?»

አሁን የምጽፈውን ሌሎቹ አይጽፉትም፤ ወይ አያውቁትም፣ ወይ ረስተውታል።

ሴቶቹ ኪኒን ከጀመሩ በኋላ በየጊዜው ደም ይወሰድባቸዋል። ደሙ የሚወሰደው ጠዋት በባዶ ሆድ ነው፤ የዕለቱም ኪኒን ሳይዋጥ መሆን አለበት፣ አለዚያ ውጤቱ ይምታታል። ይህን ማስረዳት አቃተን። አንዷ ቂጣ ቀምሳ ትመጣለች፤ ሌላዋ ኪኒኗን ውጣ ትመጣለች፤ ሩቅ መንገድ ሄደው የመጡትን መመለስ ሆነ። በመጨረሻ ዶክተር ብሩክ መላ አገኘሁ አለ። ሰብስቦ «ሥጋ ወደሙ ልትቀበሉ እንደምትመጡ ሆናችሁ ኑ» አላቸው። ምንም በአፍ ሳይገባ፣ ኪኒኑም ጭምር።

ከዚያች ቀን ወዲህ አንዲትም ሴት አላበላሸችም። ነጭ ለብሰው፣ አፋቸውን ሸፍነው፣ ሳይነጋገሩ ይመጣሉ። እሱም የመጨረሻዋ ሴት ደም ሰጥታ እስክትነሣ ቆሎውን አይነካም። ከመርፌው በኋላ የቀረውን ኪኒን በየተራ በእጁ ይሰጣቸዋል፤ ሻይና ዳቦ ያመጣላቸዋል። የላቦራቶሪ ሰዎች ያደንቁታል።

እኔ ነገርኩት። ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ላቦራቶሪው በር ላይ፣ ሰዎች ባሉበት፣ «ዶክተር፣ በቁርባን አትመስልባቸው» አልኩት።

«ለምን ሲስተር? ይኸው ሠራ አይደል?»

«ዛሬ ለአንተ ብለው የተዉትን ነገ ለሌላ ይተዉታል።»

«ሲስተር ቄስ መሆን ነበረባቸው!» ብሎ ሳቀ። የነበሩት ሁሉ ሳቁ።

የጥሩን መዳን ያወቅኩት በጠብ ነው። የጎረቤት ዶሮ ጎመኔን ጭራ ነበርና ጥሩ አጥሩ ላይ ቆማ ስትሳደብ ሰማሁ። «ዶሮሽን ሰብስቢ! ወጥ ሳላደርጋት!» ትላለች። ያን ያህል ድምፅ እንዳላት ረስቼው ነበር። ወጥቼ ሳያት ጋቢው መሬት ላይ ወድቋል።

ጉንጯ ቀላ፤ ጠጉሯም በቀለ። አንድ እሑድ ስሠራላት አንገቷን ደፍታ «እታለም፣ ሞላን በሕልሜ አየሁት» አለችኝ።

«ምን ሲያደርግ?»

«ምንም… እንደ ባል።»

«ያንን ከብት!»

«ከብትም ቢሆን ሌላ አላውቅ፣ ምን ላድርግ? ደግሞ ሕልም እኮ ነው፤ አንቺን ምን አስቆጣሽ?» ብላ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ሳቀች። ስትስቅ ልጅነታችንን መሰለችኝ።

ይህንኑ በወሩ ለዶክተሩ ጀርባ ነገረችው። እሱ በደስታ ኮሪደሩን ሙሉ «ጥሩወርቅ ሕልም አየች!» እያለ ሄደ። የእህቴን ሕልም ጽዳቶቹ ሳይቀሩ ሰሙት። እሷ አልተቀየመችም። እኔ ተቀይሜያለሁ።

በታመመችባቸው ዓመታት የንስሐ አባቷ ጾም ከልክለዋት ነበር። እሷን ከሁሉ በላይ ያሳፈራት ይህ ነበር፣ ከሞላም ስድብ በላይ። አገር ሁሉ ሲጾም ከሕፃናት ጋር መብላት። ስለዚህ ገና መቆም ስትችል የተመኘችው ልብስ አይደለም፣ ባልም አይደለም፤ ፍልሰታን ጉና ላይ ባለችው በትውልድ ቀበሌያችን ማርያም ሱባኤ ገብታ መያዝና በመጨረሻው ቀን መቁረብ ነው። ድኜ ቢያሳየኝ ብላ ተስላ ነበር።

ዶክተሩን ራሱን ጠየቀችው። ውጤቱን ሊያቀርብ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድበት ዕለት ነው፤ ሻንጣውን በአንድ እጁ ይዟል፣ መኪናው ደጅ ላይ ሞተሩን አስነሥቷል።

«ዶክተር፣ ፍልሰታን መያዝ እችላለሁ?»

«አሁን ምን ይሳንሻል፣ ያዢ እንጂ! ኪኒንሽን ብቻ እንዳትረሺ» አላትና ሄደ።

አልረሳችም። ቋጥራ ይዛ ሄደች። አንቺስ የት ነበርሽ ለሚለኝ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ በክረምት ዋርዱ ይሞላል።

የቀረውን የነገረችኝ ከእሷ ጋር በአንድ ጎጆ ሱባኤ የያዘች ሴት ናት። ጉና በነሐሴ ጭጋጉ ቀን ከሌሊት አያስለይም። ጥሩ እየቆመች ታስቀድሳለች፣ እየሰገደች ትውላለች፤ ማታ የራሰ ሽምብራ ከጠበል ጋር ትቀምሳለች። ኪኒኗ በመሐረቧ ጫፍ ተቋጥሮ ራስጌዋ ነው። ሴትዮዋ አይታ «ይህ መድኃኒትሽ አይደለም? ለምን አትውጭም?» ብትላት፣

«ከቆረብኩ በኋላ እውጠዋለሁ» አለቻት። «ዶክተሩ ደም ሲቀዳኝ ሳልውጥ እየሄድኩ ምን ሆንኩ? ለእሱ መርፌ የተውኩትን ለእመቤቴ ልውጥባት?»

ለመርፌው አንድ ጠዋት ነበር የምትተወው፤ ያውም ወዲያው በእጁ ይሰጣታል። ያ ኪኒን ግን በየቀኑ ካልተዋጠ ሰውነት ይከዳል፤ መቆምና መራብ ሲጨመርበት ደግሞ ይፈጥናል። ማስመለስ ጀመራት። ጾሙ ከበዳት አሉ፤ ቀጥሎ መንፈስ ነው የሚጥላት አሉ፤ ጠበል ጨመሩላት። አንድ ጠዋት ስትጠራ አልመልስ አለች። በቃሬዛ ተሸክመው ጭቃውን ወረዱ። መኪና መንገድ ሳይደርሱ አለፈች። ኪኒኖቹ እንደተቋጠሩ ነው የመጡልኝ።

ለቅሶው ላይ ከሁሉ በላይ የጮኸው ሞላ ነው። «ወይኔ ቤቴ! ቤቴ ፈረሰ!» እያለ ደረቱን ይደቃል። «ቤትህ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ዝቅ አድርገህ አልቅስ» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ነውር ነው ተባልኩ። ይባል።

ዶክተር ብሩክ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ጫማው የጉና ጭቃ ይዞ ነበር፤ መቃብሯ ሄዶ ኖሯል። «ሲስተር፣ እንዳትረሺ ብያት ነበር እኮ» አለ።

«አልረሳችም» አልኩት።

ክረምቱ ሲወጣ የጥናቱን ውጤት እዚህ ከተማችን ዩኒቨርሲቲ አዳራሽም አቀረበ። ስንት ሴቶች እንደዳኑ አሳየ፤ ተጨበጨበ። ሥር ላይ «ክትትል ያቋረጡ» የሚል መስመር ነበር። ጥሩን ያገኘኋት እዚያ ነው። ከኋላ ወንበር ተነሥቼ «አላቋረጠችም፤ ሞታለች። አንተ እንዳስተማርካት ሆና ሞታለች» አልኩ። ማይክራፎኑን እንደያዘ ቆመ። አንድ መምህር እጄን ይዞ ሊያስወጣኝ ሲመጣ «ይተዋቸው» አለ ዶክተር ብሩክ። ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሁሉ የሰማሁት ከሰው ነው። ይታይሽን አስከትሎ በየደብሩ ዞረ። ጉና ድረስ ወጥቶ የደብሩ አለቃ እግር ላይ ወድቆ መድኃኒት የምትውጥ ሴት ጾም እንዳትይዝ ወይም ኪኒኗን ውጣ እንድትይዝ እንዲያዝዙ ለመነ። አለቃው ሽማግሌ ናቸው፤ አነሡትና «ልጄ፣ ለበሽተኛ መድኃኒት መች ከለከልን? ማን ጠየቀን?» አሉት። ይህን የነገረችኝ ይታይሽ ናት። ቆሎውንም ከዚያ ወዲህ ኪሱ ውስጥ አላየሁበትም።

ከዚያም ሥርዓት አበጀ። ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ በየጠዋቱ እያንዳንዷ ሴት ትደውልለታለች፤ «ዋጥኩ» ትላለች፤ ይዘጋል። ያልደወለችበትን ራሱ ይፈልጋታል። ጥናቱ ካለቀ፣ እሱም ባሕር ዳር ለማስተማር ከሄደ በኋላ እንኳ አልተወም። ኪኒኑን ከየትም ከየትም ለምኖ በሚኒባስ ሹፌሮች እጅ ይልክላቸዋል። ሴቶቹ አሉ። ይታይሽ አለች። አንዳቸውም በጾም አልሞቱም። ደግ ሰው ነበር የምትሉት ይህን አይታችሁ ነው። እኔ ደግሞ በእያንዳንዷ «ዋጥኩ» ውስጥ ያልዋጠችዋን ነው የምሰማው። የእኔዋ መማሪያ ሆነች።

በየዓመቱ ጾሙ ሲፈታ ደጄ ይመጣ ነበር። አንኳኩቶ ይቆማል። ቤት እንዳለሁ ያውቃል፤ ሬዲዮኔን እንኳ አልቀንስለትም። ከቆመ በኋላ ይሄዳል። አንድም ጊዜ አልከፈትኩለትም። ገነት፣ «ከእርስዎ የበለጠ ማን ያውቃቸዋል» ያልሽኝ ይህን ነው።

ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ልጨርሰው ነበር። ትናንት ግን ይታይሽ ከአንበሳሜ መጣች። ዱላ ይዛለች፤ አርጅታለች።

«ሲስተር፣ ልጄ ሞተ ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ብዙ አላለቀሰችም። ከጉያዋ ባዶ የኪኒን ዕቃ አወጣችና አናወጠችው። «ፍልሰታ ሊገባ ነው። ከእንግዲህ ለማን ነው የምንደውለው?» አለችኝ።

«ለእኔ ደውይ።»

«ደውዬስ? አልቋል እኮ። ምን ዋጥኩ ልበልሽ?»

ተያይዘን ከተማው ውስጥ ያለውን መድኃኒት ቤት ሁሉ ዞርን። «የአዲስ አበባው መንገድ ሲከፈት ይመጣል» አሉን፣ ሁሉም በአንድ አፍ። መንገዱ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። በየሱቁ መስኮት ስቆም፣ እሱ ይህን ሁሉ ዓመት ኪኒኑን ከየት ያመጣው እንደነበር አንድ ቀን እንኳ የጠየቀው ሰው እንደሌለ ገባኝ። ገነትን ጠየቅኋት፤ አታውቅም። ሹፌሮቹን ጠየቅሁ፤ «ከእጃቸው ነው የምንቀበለው» አሉ። ይዞት ሄዷል።

ይታይሽ መመለሻ መኪና አጥታ እኔ ዘንድ አደረች። አሁን ይህን ስጽፍ ደጄ ላይ ተቀምጣለች። ፀሐይ ወጥቷል፤ እሷ ግን በርዶኛል አለች። ከሣጥኑ ሁለት ጋቢ አውጥቼ አለበስኳት። ጋቢዎቹ የጥሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አልተነኩም ነበር።

በእህቴ ይቅር አላልኩትም። ይህችን ሴት ደጄ ላይ ጥሎብኝ በመሞቱም ይቅር አልለውም። ትናንት ማታ ከሐሙሲት የማላውቀው ቁጥር ደወለ፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሌላ። ገነት ቁጥሬን ሰጥታቸዋለች መሰለኝ። ጾሙ ሲገባ ሁሉም ይደውላሉ። አሁንም ስልኩ እየጮኸ ነው፤ ይታይሽ ዞራ ታየኛለች፤ እኔ አላነሣሁትም።